ከቤታችን ጎን ያለውን ባዶ መሬት ለመግዛት ባለቤቱን እንዴት ላነጋግር?

ባለ ጥጉ ቤት (ጠያቂ)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከምንኖርበት ቤት ጋር ወሰን የሚጋራ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ያልተሠራበት ባዶ መሬት አለ። ባለቤቱ በአካባቢው አይኖሩም፤ ቁጥቋጦው እንደ ልቡ አድጎ አጥራችንን ተሻግሯል፤ አልፎ አልፎም ሰዎች ቆሻሻ ይጥሉበታል። መሬቱን ብንገዛው ከፊሉን ለአትክልት ቦታ፣ ከፊሉን ደግሞ ወደፊት ለምናስበው የቤት ማስፋፊያ እናውለዋለን፤ ከዚህም በላይ አንድ ቀን ከመስኮታችን ፊት ለፊት ፎቅ ይቆማል ከሚለው ስጋት ያሳርፈናል።

መሬቱ ለሽያጭ አልቀረበም፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ስለ አቀራረቡ ነው። ዘመዶቼ በሁለት ተከፍለዋል። ገሚሶቹ በቀጥታ ሄጄ ወይም ጽፌ እንድጠይቅ ይመክሩኛል፤ ሌሎቹ ግን ፈላጊው ጎረቤት መሆኑ ከታወቀ ዋጋው ስለሚሰቀል በሌላ ሰው በኩል እንዳስጠይቅ ይነግሩኛል። የመጀመሪያው ቃሌ ምን ይሁን? ዋጋ ልጥቀስ ወይስ እስክጠየቅ ልጠብቅ? በዚህ ያለፋችሁ ወይም በሙያችሁ የምታውቁት ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ቀያሹ

ስለ ቃሉ ከማሰብዎ በፊት የሚያነጋግሩት ሰው በእርግጥ ባለቤቱ መሆኑን ያረጋግጡ። የሰፈር ሰው «የእገሌ ነው» የሚለው መሬት በመዝገብ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ማግኘት በሥራዬ የተለመደ ነው፤ ባለቤቱ ሞተው ስሙ ያልዞረ፣ በፍቺ የተከፈለ፣ ወይም በድርጅት ስም የተያዘ ሊሆን ይችላል። የመሬት መዝገብ በሚያዘው ቢሮ ቀርበው የባለቤቱን ስም፣ የቦታውን ስፋት፣ በመሬቱ ላይ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም ለሌላ ሰው የተሰጠ የመተላለፊያ መብት ካለ ይጠይቁ። ለማየት የሚፈቀደው መረጃ መጠን ከአገር አገር ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ግን ቢያንስ የባለቤቱን ማንነት ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ወሰን ነው። አጥር ወሰን አይደለም። አጥር ሰው ሊያጥር የተመቸው ቦታ ነው፤ ወሰን ግን በካርታው ላይ ያለው መስመር ነው። የእርስዎ አጥር ወደዚያ መሬት ገብቶ ከሆነ፣ ወይም የዚያ መሬት ጠርዝ በእርስዎ ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ከባለቤቱ ጋር የሚኖረውን ንግግር ሁሉ ይለውጠዋል። ባለቤቱ በኋላ ራሳቸው አስለክተው ቢደርሱበት «ሊገዛኝ የመጣው ለካ ወስዶ ሲጠቀምበት የኖረውን ነው» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ በቅን ልቦና መነጋገር ያስቸግራል።

አላፊ አግዳሚ

ቀያሹ ያሉት ላይ አንድ ጥያቄ ልጨምር። አጥሩ ገብቶ ከሆነና ብዙ ዘመን ከቆየ፣ መሬቱ በይርጋ የያዘው ሰው አይሆንም ወይ? እንዲያ ከሆነ ለምን ይገዛል?

ውል አንባቢ

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የማይቀር ስለሆነ መልሱን ግልጽ ማድረግ ይገባል። በብዙ አገሮች ሕግ፣ የሌላውን መሬት በግልጽ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ፣ እንደ ራሱ አድርጎ ለረጅም ዓመታት የያዘ ሰው ባለመብት የሚሆንበት መንገድ አለ። ነገር ግን የዓመቱ ርዝመትም ሆነ የሚጠየቀው ሁኔታ በየአገሩ በጣም የተለያየ ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የመሬት ምዝገባ ሕግ፣ የተመዘገበ መሬት የያዘ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ ማመልከት እንዲችል ቢፈቅድም፣ ቢሮው ለተመዘገበው ባለቤት አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ባለቤቱ እንዲቃወም ዕድል ይሰጣል፤ ስለዚህ ነቅቶ የሚኖር ባለቤት መሬቱን በዚህ መንገድ የሚያጣው በጠባብ ሁኔታ ብቻ ነው።

ለጠያቂው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ «መሬትዎን ልግዛ» ብሎ መጻፍ በብዙ የሕግ ሥርዓቶች የሌላውን ባለቤትነት እንደ ማመን ይቆጠራል፤ ሲቆጠር የቆየውንም ዘመን ያቋርጣል። አጥርዎ በእርግጥ ገብቶ ከሆነ አንዲት ደብዳቤ ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። አልገባም ከሆነ ይህ ሁሉ እርስዎን አይመለከትም፤ ይርጋን ለማስፈራሪያ ማንሳትም ንግግሩን ከመጀመሩ ይገድለዋል።

ባለመሬቷ

እኔ በሌላኛው ወገን ያለሁ ሰው ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት፣ እስካሁን ያልሠራሁበት ቦታ አለኝ፤ ከጎረቤቶችና ከማላውቃቸው ሰዎች «ሽጭልን» የሚል ደብዳቤና ስልክ በየጊዜው ይደርሰኛል። ስለዚህ ከተቀባዩ በኩል ምን እንደሚሰማ ልናገር።

አብዛኞቹ ደብዳቤዎች ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ የማስቀምጣቸው ናቸው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ውለታ የሚውሉልኝ አስመስለው ይጽፋሉ። «ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መሬት»፣ «ግብር ብቻ እየከፈሉበት»፣ «ከሸክም እናሳርፍዎት» ይላሉ። መሬቱ ለእኔ ሸክም ይሁን አይሁን የማውቀው እኔ ነኝ። አባቴ ለምን እንደገዛው፣ ለማን እንዳሰበው ጸሐፊው አያውቅም። ስለ ቁጥቋጦውና ስለ ቆሻሻው የሚያማርር ደብዳቤማ የክስ ማመልከቻ ነው የሚመስለው፤ የሚያናድድ ነገር ካለ ለብቻው ይነገረኝ እንጂ ከግዢ ጥያቄ ጋር አይቀላቀል።

መልስ የሰጠሁት ደብዳቤ አጭር ነበር። ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች፣ የትኛው ቤት ውስጥ እንደምትኖር፣ መሬቱን ለምን እንደምትፈልገው በግልጽ ነገረችኝ፤ የመሸጥ ሐሳብ ከሌለኝ መልስ መስጠት እንደማይጠበቅብኝም ጻፈች። ይህ የመጨረሻው ቃል ነው ልቤን የከፈተው። እምቢ ማለት የማያሳፍር ሲሆን፣ ሰው እምቢ ለማለት አይቸኩልም። በመጨረሻ አልሸጥኩላትም፤ ግን ሌላው ሁሉ ሲጽፍልኝ የእሷን ስልክ ይዤ ቆይቻለሁ፤ የመሸጥ ቀን ከመጣ መጀመሪያ የምደውለው ለእሷ ነው።

ዝምተኛ ገዢ

ባለመሬቷ የተናገሩት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ሻጭ እንደ እሳቸው አይደለም። ጎረቤት ሲጠይቅ ሻጩ ወዲያው የሚያስበው «ይህ ሰው ከዚህ መሬት ሌላ አማራጭ የለውም» ብሎ ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋው በመሬቱ ሳይሆን በፈላጊው ጉጉት ይለካል። ትልልቆቹ ገዢዎች ይህን ስለሚያውቁ ስማቸውን ይደብቃሉ። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በፍሎሪዳ ከአስር ሺህ ሄክታር የሚበልጥ መሬት ሲሰበስብ በሌሎች ድርጅቶች ስም ነበር የገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የእውነተኛው ገዢ ማንነት በጋዜጣ ሲወጣ የአካባቢው መሬት ዋጋ ተሰቀለ። ታዲያ ጠያቂው አንድ የሚታመን ሰው ወይም ደላላ ልኮ ዋጋውን ቢያስጠይቅ ምን ነውር አለው?

ውል አንባቢ

በወኪል መግዛት በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ልዩነቱ ግን ዝም ማለትና መዋሸት ላይ ነው። ወኪሉ «ለማን ነው የምትገዛው?» ተብሎ ሲጠየቅ «መናገር አልተፈቀደልኝም» ቢል አንድ ነገር ነው፤ «ለራሴ ነው» ብሎ ቢዋሽ ግን ሌላ ነው፤ በአንዳንድ አገሮች ይህ ውሉን እስከማፍረስ የሚያደርስ ማታለል ሊሆን ይችላል።

የዲዝኒ ምሳሌ ግን ለዚህ ጉዳይ አይመጥንም። እዚያ የነበሩት ብዙ ሻጮች ናቸው፤ የአንዱ ዋጋ የሌላውን ያስወድድ ስለነበር ምስጢሩ ዋጋ ነበረው። እዚህ ግን ሻጩ አንድ፣ ገዢውም አንድ ነው። ስሙ በመዝገብ ሲዞር እውነቱ ይወጣል፤ ሻጩም ዘመዳቸው ወይም ወዳጃቸው በዚያው ሰፈር ሊኖር ይችላል። በንግግሩ መካከል ከታወቀ ደግሞ ገና ፊርማ ሳይኖር እምነት ይጠፋል፤ እምነት የጠፋበት ሻጭ ዋጋ ከመጨመር አልፎ ጭራሹን ይተወዋል።

ገማቹ

በጎረቤትነት ምክንያት ዋጋ ይጨምራል የሚለው ፍርሃት ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ግን ስሌቱን ካለማየት የመጣ ነው። በግምት ሥራ ላይ የምንሠራ ሰዎች የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሁለት የተያያዙ መሬቶች በአንድ እጅ ሲገቡ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ድምር የበለጠ ዋጋ ያወጣሉ። ለማሳያ ያህል ብቻ፣ ባዶው መሬት ለማንኛውም ገዢ 100 የሚያወጣ፣ የእርስዎ ቤት ከነቦታው 400 የሚያወጣ ቢሆንና ሁለቱ ሲጣመሩ 560 ቢሆኑ፣ ከመጣመሩ ብቻ የተገኘው ትርፍ 60 ነው። ሻጩ ከ100 በታች የሚሸጡበት ምክንያት የለም፤ እርስዎም ከ160 በላይ ከከፈሉ ከስረዋል። ድርድሩ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ከ100 ትንሽ ከፍ አድርጎ መክፈል መሸነፍ አይደለም፤ ትርፉን መካፈል ነው። ከእርስዎ ድርሻ ላይ ግን የቅየሳ፣ የውል ማረጋገጫ፣ የስም ማዛወሪያና ሁለቱን ይዞታዎች በአንድ ካርታ የማዋሐድ ወጪዎችን መቀነስ አይርሱ፤ ብዙ ሰው እነዚህን የሚያስታውሰው ዋጋ ከተስማማ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን መሬቱ ለሌላ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ወደ ፕላን ቢሮ ሄደው ለዚያ አካባቢ የተፈቀደውን ትንሹን የቦታ ስፋት፣ ከመንገድና ከወሰን መራቅ ያለበትን ርቀት፣ የተፈቀደውን የፎቅ ከፍታ ይጠይቁ። ቦታው ጠባብ ሆኖ ለብቻው የግንባታ ፈቃድ የማያገኝ ከሆነ፣ ወይም ከመንገድ ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ ወይም በመካከሉ የፍሳሽ መስመር የሚያልፍ ከሆነ፣ ከእርስዎ ሌላ እውነተኛ ገዢ ላይኖረው ይችላል። በተቃራኒው አራትና አምስት ፎቅ የሚፈቀድበት ቦታ ከሆነ ተፎካካሪዎ ሌላ ጎረቤት አይደለም፤ የቤት አልሚዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ በአትክልት ቦታ ዋጋ ማሰብ ከንቱ ነው። ስለ ፎቅ ያነሱት ስጋትም መልሱን የሚያገኘው እዚያው ቢሮ ነው። ምናልባት ፕላኑ ከአንድ ፎቅ በላይ የማይፈቅድ ሆኖ ያገኙትና ግማሹ የመግዛት ምክንያትዎ በነጻ ይመለስልዎታል።

ቀያሹ

ገማቹ ያሉት ላይ ጥቂት ልጨምር። ባዶ መሬት ባዶ ነው ብለው አያስቡ። ቀድሞ ምን ይሠራበት እንደነበር ይጠይቁ፤ ጋራዥ፣ የነዳጅ ማከማቻ ወይም የቆሻሻ መጣያ የነበረ አፈር ለማጽዳት ከመሬቱ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል፤ በብዙ አገሮችም የማጽዳቱ ግዴታ አዲሱን ባለቤት ይከተላል። በዝናብ ወቅት ውኃው ወዴት እንደሚሄድ በዓይንዎ ይዩ። ጎረቤት ስለሆኑ ከማንኛውም ገዢ የተሻለ ይህን የማየት ዕድል አለዎት፤ ይህን ዕድል ሳይጠቀሙ ዋጋ አይጥሩ።

ባለ ጥጉ ቤት (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በሰጣችሁኝ ምክር መሠረት መዝገቡን አይቻለሁ፤ የአጥራችንን መስመርም አስለክቻለሁ። አጥሩ በወሰናችን ላይ ነው ያለው። መሬቱ በአንዲት አዛውንት ስም ተመዝግቧል፤ እዳም እገዳም የለበትም። ፕላኑ እስከ ሁለት ፎቅ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ሌላ ገዢ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ወይዘሮዋ ከልጃቸው ጋር በሌላ ከተማ ይኖራሉ፤ የልጃቸውን ስልክ የሚያውቅ ሰውም አግኝቻለሁ። ለእናትዬዋ በቀጥታ ልጻፍ ወይስ ከልጃቸው ጋር ልነጋገር? ያዘጋጀሁትን ረቂቅ ደብዳቤ እነሆ፤ እባካችሁ ሳታዝኑልኝ አርሙት።

«የተከበሩ ወይዘሮ፣ ከይዞታዎ ጎን የምንኖር ቤተሰብ ነን። መሬትዎ ለረጅም ጊዜ ያለ ጥቅም ተቀምጦ፣ ቁጥቋጦው አድጎ ለአካባቢው ስጋት እየሆነ ስለመጣ፣ ለእርስዎም በዚህ ዕድሜ ክትትሉ አድካሚ እንደሚሆን ስለተረዳን፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ልንገዛዎት ዝግጁ ነን። በአስቸኳይ ምላሽዎን እንጠብቃለን።»

ባለመሬቷ

ሳላዝን አርሜዋለሁ። «ያለ ጥቅም» ይውጣ። «ስጋት» ይውጣ። «በዚህ ዕድሜ» የሚለው በተለይ ይውጣ፤ ዕድሜያቸውን ከየት አውቀው ነው የሚያዝኑላቸው? «በተመጣጣኝ ዋጋ» ማለት ለሻጭ ጆሮ «በርካሽ» ማለት ነው። «በአስቸኳይ» የሚለው ደግሞ የቸኮለው ማን እንደሆነ ይናገራል፤ የሚቸኩል ገዢ ዋጋውን በገዛ እጁ ይሰቅላል። የቀረው ሰላምታው ነው፤ እሱ መልካም ነው።

ለማን ይጻፍ ለሚለው፣ ለባለቤቷ ይጻፍ። ልጅን በጓሮ በር አነጋግሮ እናትን ማሳመን ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን ወይዘሮዋ «እኔ ሳላውቅ መሬቴ ላይ ተወያዩ» ብለው ካዘኑ ያ በር አይከፈትም። ልጆቻቸውም እርስ በርስ ካልተስማሙ እርስዎ የአንዱ ወገን ሆነው ይታያሉ። በደብዳቤው ላይ «ከቤተሰብዎ ጋር ተመካክረው» የሚል ቃል ቢያስገቡ ለሁሉም ክብር ይሰጣል።

ውል አንባቢ

በባለመሬቷ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የሕግ ምክንያትም እጨምርበታለሁ። የመሸጥ ሥልጣን ያለው በመዝገብ ላይ ያለው ሰው ነው። ልጃቸው ውክልና አለኝ ቢሉ እንኳ፣ ውክልናው የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑን፣ ያልተሻረ መሆኑንና ወካይዋ በሕይወት መኖራቸውን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ በአብዛኛው ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል። ባለቤትየዋ ባለትዳር ከሆኑ ደግሞ የትዳር ጓደኛቸው ስምምነት ያስፈልግ እንደሆነ ይጣራ። አዛውንት በመሆናቸውም በኋላ «ሳይረዱት ፈረሙ» የሚል ክስ እንዳይነሳ፣ የራሳቸው የሕግ አማካሪ እንዲኖራቸው ራስዎ ቢጠቁሙ ይጠቅምዎታል እንጂ አይጎዳዎትም።

ረቂቁን በዚህ መልክ ባስተካክለው ምን ይመስላችኋል?

«የተከበሩ ወይዘሮ፣ ከይዞታዎ በስተቀኝ ባለው ቤት ከቤተሰቤ ጋር እኖራለሁ። ምናልባት አንድ ቀን መሬቱን ለመሸጥ ያስቡ እንደሆነ ለማወቅ ነው የጻፍኩት። የአትክልት ቦታችንን ለማስፋትና ወደፊትም በዚሁ ቤት ለመቆየት ስለምናስብ፣ ዕድሉ ቢገኝ ልንነጋገር እንወዳለን። የመሸጥ ሐሳብ ከሌለዎት ምላሽ ለመስጠት አይቸገሩ፤ ጎረቤትነታችን እንዳለ ይቀጥላል። ከቤተሰብዎ ጋር ተመካክረው መነጋገር ከፈለጉ ግን ለእርስዎ በሚመች ጊዜና ቦታ እገኛለሁ። ከይዞታዎ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ጉዳይ ሲኖርም በዚህ ስልክ ቢደውሉልኝ በደስታ አያለሁ።»

ዝምተኛ ገዢ

ደብዳቤው ቆንጆ ነው፤ አቋሜን ሙሉ በሙሉ ባልለውጥም በዚህ ጉዳይ ተረትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ዋጋ ካልተጠቀሰ ወይዘሮዋ ይህ ሰው በእርግጥ አቅም እንዳለው በምን ያውቃሉ? «ልንነጋገር እንወዳለን» ማንም ይላል።

ገማቹ

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ዋጋውን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አላስቀምጥም፤ ምክንያቱም ሻጩ ገና ለመሸጥ ሳይወስኑ የቀረበ ቁጥር ዝቅ ካለ ያስቀይማል፣ ከፍ ካለ ደግሞ የድርድሩ ወለል ይሆናል። ፍላጎት ካሳዩ ግን በሁለተኛው ንግግር ላይ ገለልተኛ ገማች እንዲያየው፣ ወጪውንም እርስዎ እንዲሸፍኑ ሐሳብ ያቅርቡ፤ ገማቹን ሁለታችሁም የምትስማሙበት ቢሆን ይመረጣል። አቅም ያለው ሰው መሆንዎን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ክርክሩም ከእርስዎና ከእሳቸው መካከል ወጥቶ በወረቀት ላይ ወዳለ ሪፖርት ይሄዳል። ገንዘቡ ከባንክ ብድር የሚመጣ ከሆነ አስቀድመው ባንኩን ያነጋግሩ፤ ባዶ መሬትን በመያዣነት ተቀብሎ ማበደር ብዙ ባንኮች የሚያመነቱበት ነገር ነው፤ ቤትዎን ማስያዝ ሊጠይቅዎ ይችላል።

አላፊ አግዳሚ

በቃል ከተስማሙ በኋላ ቀብድ ሰጥቶ ማሰር አይሻልም? ሰው ሐሳቡን ሳይለውጥ።

ውል አንባቢ

ቀብድ ከማጣራት በፊት አይሰጥም። መሬትን የሚመለከት ስምምነት በብዙ አገሮች በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1677 የወጣው ሕግ የመሬት ሽያጭ በጽሑፍና በፊርማ እንዲረጋገጥ የጠየቀው በሐሰት ምስክር የሚፈጠሩ ውሎችን ለመከላከል ነበር። በቃል ስምምነት ላይ የተከፈለ ቀብድ ብዙ ጊዜ የሚያስረው ሻጩን ሳይሆን ገንዘቡን ነው። ይልቅ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ የጽሑፍ ውል ይሠራ፤ ቅየሳው ከካርታው ጋር ካልገጠመ፣ ያልተገለጠ እዳ ከተገኘ፣ ወይም ቢሮው ስም ለማዛወር ካልፈቀደ ገንዘቡ እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ። ገንዘቡም እስከዚያ በሦስተኛ ወገን እጅ ቢቀመጥ ለሁለቱም ይሻላል።

መዝገቡ ምን ያህል የሚታመን እንደሆነም ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ በሮበርት ቶረንስ አማካይነት በተጀመረው ሥርዓትና እሱን በተከተሉ አገሮች፣ ባለቤትነት የሚመነጨው ከምዝገባው ራሱ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ባለቤት ነው። በሌሎች አገሮች ግን ቢሮው የሚመዘግበው ውሎችን ብቻ ስለሆነ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ያስፈልጋል። መሬት የመንግሥት በሆነባቸው አገሮች ደግሞ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ስለሆነ፣ ምን መተላለፍ እንደሚችል ሕጉን ሳያዩ የሽያጭ ቃል መጠቀም ራሱ ውሉን ፉርሽ ሊያደርገው ይችላል።

ባለ ጥጉ ቤት (ጠያቂ)

ደብዳቤውን ውል አንባቢ ባስተካከሉት መልክ ልኬ ነበር። ወይዘሮዋ ራሳቸው ደወሉ። በትሕትና አነጋገሩኝ፤ መሬቱን ለልጅ ልጃቸው ስላሰቡት ለአሁኑ እንደማይሸጡ ነገሩኝ፤ ነገር ግን ሐሳባቸው ከተለወጠ አስቀድመው እንደሚነግሩኝ ቃል ገቡልኝ። ቁጥቋጦውን እኔ ባስመነጥረው ደስ እንደሚላቸው፣ ሥፍራውንም ለአትክልት ብጠቀምበት እንደማይቃወሙ ጨመሩ። ይህ ከጠበቅሁት በላይ መልካም ነው፤ ግን አሁን ምን ላድርግ? ቃላቸው ይበቃል?

ባለመሬቷ

በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ መልስ በመጀመሪያ ንግግር አይገኝም። አሁን እንዳይጎተጉቷቸው። ምንጠራው ሲያልቅ ፎቶግራፍ ልከው ያመስግኗቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ግዢ የሚያነሱት እሳቸው ይሁኑ።

ውል አንባቢ

ቃላቸውን አይጠራጠሩ፤ ነገር ግን ቃል ወራሽን አያስርም። ስለዚህ ሁለት አጫጭር ወረቀቶች እመክራለሁ።

አንደኛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። በእሳቸው ፈቃድ እንደሚጠቀሙ፣ ፈቃዱ በማንኛውም ጊዜ በተወሰነ ማስጠንቀቂያ ሊነሳ እንደሚችል፣ ቋሚ ግንባታ እንደማይሠሩና ሥር የሚሰድ ዛፍ እንደማይተክሉ ይጻፍ። ይህ ወረቀት ከእርስዎ ይልቅ እሳቸውን ይጠብቃል፤ በፈቃድ የተያዘ መሬት በይርጋ አይወሰድምና ልጆቻቸው «ጎረቤቱ ሊወርሰው ነው» ብለው እንዳይሰጉ ያደርጋል። በሥራው ላይ ሰው ቢጎዳ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነም አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑረው።

ሁለተኛው የቅድሚያ መግዛት መብት ነው። ይህ ባለቤቷን እንዲሸጡ አያስገድድም፤ ለመሸጥ ከወሰኑ ግን ሌላ ሰው ያቀረበውን ዋጋ ለእርስዎ አሳውቀው፣ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ30 ቀን ውስጥ፣ በዚያው ዋጋ እንዲገዙ ዕድል ይሰጥዎታል። በተወሰነ ዋጋና ጊዜ ውስጥ እንዲሸጡልዎ ከሚያስገድደው የአማራጭ ውል የተለየ ስለሆነ ባለቤቶች በቀላሉ ይስማሙበታል። ማስታወቂያው በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከወራሾች ጋርም እንዲቀጥል ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ እንዲመዘገብ ያድርጉ፤ ያልተመዘገበ መብት በቅን ልቦና በገዛ ሦስተኛ ሰው ላይ ላይሠራ ይችላል።

ገማቹ

በሁለተኛው ወረቀት ላይ መሬቱ ከሌላ ንብረት ጋር በአንድ ዋጋ ቢሸጥ የዚህ ድርሻ እንዴት እንደሚሰላ አንድ መስመር ይጨመር። ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ መብቱ በጥቅል ሽያጭ ውስጥ ሲጠፋ አይቻለሁ።

ባለ ጥጉ ቤት (ጠያቂ)

ሁለቱንም ወረቀቶች ለጠበቃ ሰጥቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ወይዘሮዋ መሬቱን ለልጅ ልጃቸው በስጦታ ቢሰጡ የቅድሚያ መብቱ በስጦታውም ላይ ይሠራል ወይ? እሳቸውን በዚህ ማስጨነቅ አልፈልግም።

ውል አንባቢ

ስጦታ ሽያጭ ስላልሆነ በተለመደው አጻጻፍ መብቱ በእሱ ላይ አይሠራም፤ ነገር ግን በጽሑፍ ካልተለየ ይከራከሩበታል። ለቤተሰብ አባል በስጦታ ወይም በውርስ ማስተላለፍ ከመብቱ ውጭ መሆኑን፣ ተቀባዩ በኋላ ለውጭ ሰው ቢሸጥ ግን መብቱ እንደሚጸና በግልጽ ያስጽፉ። ይህን አንቀጽ ራስዎ ይዘው ቢቀርቡ፣ ወይዘሮዋ ለልጅ ልጃቸው ያሰቡትን እንዳልነኩባቸው በመጀመሪያው ንባብ ያዩታል።